ማን ማን ነው? የሁለቱ ማይክል ማኖች ጉዳይ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የፖለቲካ ሳይንስ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ቴሲሴ በመንግሥት አቅም ላይ ስለሆነ የማይክል ማንን ንድፈ ሐሳብ እጠቀማለሁ። ስለ ሰውዬው አጭር መግቢያ ልጽፍ ብዬ ጉግል ሳደርግ የሚመጣልኝ «ሂት»ን የሠራው የሆሊውድ ዳይሬክተር ፎቶ ነው። ጓደኛዬ «አንድ ሰው ነው እኮ፤ ሎስ አንጀለስ ነው ያለው፣ መጽሐፍም ይጽፋል» አለኝ። ኤ.አይ. ብጠይቅም «ፊልም ሠሪና የፖለቲካ ምሁር» ብሎ አንድ ላይ ጻፈልኝ። እውነት አንድ ናቸው? ካልሆኑስ ማጣቀሻዬ ላይ እንዴት ልለያቸው?

መልስ፦ ሰላም እህቴ። አንድ ሰው አይደሉም። ሁለት የተለያዩ ማይክል ማኖች ናቸው። ጓደኛሽ ላይ ግን አትፍረጂበት። የነገረሽ ነገር አንድ በአንድ ሲታይ እውነት ነው። የተሳሳተው ድምሩ ነው።

መጀመሪያ ያንቺን ሰው ላስተዋውቅሽ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።) ምሁሩ ማይክል ማን ሶሲዮሎጂስት ነው። በ1942 እንግሊዝ አገር፣ ማንችስተር ተወለደ። ኦክስፎርድ ገብቶ ታሪክ ተማረ፤ ዶክትሬቱን በሶሲዮሎጂ እዚያው ሠራ። ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ከ1977 ጀምሮ ለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ነበር። በ1987 ጓዙን ጠቅልሎ አሜሪካ ገባና በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. በሚባለው፣ ፕሮፌሰር ሆነ።

ዳይሬክተሩ ማይክል ማን ደግሞ በ1943 መጀመሪያ ላይ ቺካጎ ተወለደ። ዊስኮንሰን ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ አጠና። ፊልም ሊማር የሄደው የት መሰለሽ? ለንደን! በ1960ዎቹ እዚያ ፊልም ተምሮ፣ ማስታወቂያም ሲሠራ ቆይቶ፣ ወደ አገሩ ተመለሰ። ስሙ የተነሳው በ1980ዎቹ «ማያሚ ቫይስ» በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ፦ «ሂት»፣ «ዘ ኢንሳይደር»፣ «አሊ»፣ «ኮላተራል»።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጫቸው። በዕድሜ አንድ ዓመት እንኳ አይራራቁም። ሁለቱም ለንደን ኖረዋል። ሁለቱም መጨረሻቸው ሎስ አንጀለስ ሆነ። «ሂት» ላይ አል ፓቺኖና ሮበርት ዲ ኒሮ ፊት ለፊት ተቀምጠው ቡና የሚጠጡበት ትዕይንት አለ አይደል? የተቀረጸው ዊልሸር ቡሌቫርድ ላይ፣ ቤቨርሊ ሂልስ ውስጥ በነበረ ምግብ ቤት ነው። ያንኑ ጎዳና ይዘሽ ወደ ምዕራብ ብትነጂ በዩ.ሲ.ኤል.ኤ. በታች በኩል ታልፊያለሽ። ስለዚህ «ሎስ አንጀለስ ነው ያለው» የሚለው መረጃ ምንም አይለይልሽም።

ዓመተ ምሕረቱስ ይለየዋል? እሱም የለም። እኔ የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ስሠራ ነው የኖርኩት፤ እንዲህ ያለ ግጥጥሞሽ ግን ብዙ አይገጥመኝም። በ1986 የምሁሩ ትልቁ ሥራ፣ «የማኅበራዊ ኃይል ምንጮች» የሚባለው፣ አንደኛው ቅጽ ወጣ። በዚያው ዓመት የዳይሬክተሩ «ማንሀንተር» ሲኒማ ቤት ገባ። በ2004 ምሁሩ ስለ ፋሺስቶች የጻፈው መጽሐፍ ታተመ፤ ዳይሬክተሩ «ኮላተራል»ን አወጣ። በ2023 ደግሞ ሁለቱም ሰማንያ ሞልቷቸው ሳለ ምሁሩ ስለ ጦርነት ታሪክ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አሳተመ፤ ዳይሬክተሩ «ፌራሪ»ን ይዞ መጣ። «ማን፣ 2004» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ማጣቀሻ ብታዪ የትኛው እንደሆነ በዓመቱ ልታውቂ አትችዪም።

«መጽሐፍ ከሆነ የምሁሩ፣ ፊልም ከሆነ የዳይሬክተሩ» የሚለው መለያ ድሮ ይሠራ ነበር። በ2022 ግን ዳይሬክተሩ ከደራሲት ሜግ ጋርዲነር ጋር ሆኖ «ሂት 2» የሚል ልብ ወለድ አሳተመ። በቃ፣ ያም መለያ ፈረሰ። ጓደኛሽ «መጽሐፍም ይጽፋል» ያለው ይህን ሰምቶ ይሆናል።

ነገሩ በሁለት ሰው ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሦስተኛም አለ፦ ማይክል ኢ. ማን፣ የአየር ንብረት ሳይንቲስቱ። የምድር ሙቀት ለዘመናት ረግቶ ቆይቶ በቅርቡ ሽቅብ ሲተኮስ የሚያሳየውን «የሆኪ ዱላ» የሚባለውን ግራፍ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ያወጣው እሱ ነው። አራተኛም አለ። የጀርመናዊው ደራሲ የቶማስ ማን የመጨረሻ ልጅ ማይክል ይባል ነበር። ቪዮላ ተጫዋች ነበር፤ በኋላ ሙዚቃውን ትቶ በርክሌይ የጀርመን ሥነ ጽሑፍ አስተማረ፤ በ1977 አረፈ። እሱም ካሊፎርኒያ! ስለ ጀርመን የሚያጠና ሰው «ፕሮፌሰር ማይክል ማን፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ» የሚል ነገር ካገኘ ልቡን ማመን የለበትም።

አሁን ወደ ኤ.አይ.ው እንምጣ። ያሳሳተሽ ክፉ ሆኖ አይደለም። የፍለጋ ሞተር ስም ስታስገቢለት ብዙ ሰው የሚፈልገውን ያስቀድማል፤ የሆሊውድ ሰው ደግሞ ከሶሲዮሎጂ ፕሮፌሰር ይልቅ ይፈለጋል። ጽሑፍ የሚያመነጨው ማሽን በበኩሉ አንድ ስም አጠገብ ብዙ ጊዜ የሚገኙ ቃላትን እያያያዘ ነው የሚሄድ። «ማይክል ማን» አጠገብ «ዳይሬክተር»ም፣ «የመንግሥት ሥልጣን»ም፣ «ሎስ አንጀለስ»ም አሉ። ሰፍቶ ያቀርብልሻል። ስፌቱ ደግሞ ያምራል፤ ለዚህ ነው የሚያሳስተው።

ተዋንያኑ ይህን ችግር ቀድመው ነቅተውበታል። የአሜሪካ የተዋንያን ማኅበር ሁለት አባላት በአንድ ስም እንዲሠሩ አይፈቅድም። ማይክል ኪተን የልደት ስሙ ማይክል ዳግላስ ነበር፤ ስሙ ስለተያዘበት ቀየረው። ምሁራን ዘንድ እንዲህ ያለ ደንብ የለም። የፈለገው ሰው በፈለገው ስም ያሳትማል፤ ለይቶ የማስቀመጡ ጣጣ ለኛ ለካታሎግ ሠራተኞች ይተርፋል።

እኛ የምናደርገው ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መዝገብ እንከፍትና ስሙ ላይ የሚለይ ነገር እንጨምራለን፤ የልደት ዓመት፣ የመካከለኛ ስም ፊደል ወይም ሙያ። ይህን ራስሽ ማየት ትችያለሽ። «የማኅበራዊ ኃይል ምንጮች»ን ስታገኚ ርዕሱ ያለበትን ገጽ ገልብጪው። ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል የኅትመት መረጃው አለ፦ አሳታሚው፣ የቅጂ መብት ዓመቱ፣ መለያ ቁጥሩ። የዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤቶች ብዙ ጊዜ የካታሎግ መረጃም እዚያው ያትማሉ። ያንቺ ሰው በካታሎግ ዓለም የሚታወቀው «ማን፣ ማይክል፣ 1942» ተብሎ ከኋላው ሰረዝ ተደርጎለት ነው። 1942 ካየሽ ምሁሩ ነው። ማንም ተማሪ ያንን ገጽ አያነብም፤ እኔ ግን መጽሐፍ ስይዝ መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነው።

መጽሐፉ እጅሽ ላይ ከሌለ ቪያፍ የሚባል የኢንተርኔት መዝገብ አለ። የብዙ አገር ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የስም መዝገባቸውን አንድ ላይ ያደረጉበት ነው። ስሙን ስታስገቢ ማይክል ማኖቹ ተደርድረው ይመጡልሻል፤ ከየስሙ ሥር ሥራዎቹ አሉ። ለፊልሙ ወገን አይ.ኤም.ዲ.ቢ. የሚባለው የፊልም መረጃ ድረ ገጽ ይበቃል፤ እዚያ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ቁጥር አለው። ተመራማሪዎች ከ2012 ወዲህ ኦርኪድ የሚባል ባለ 16 አሃዝ መለያ ያወጣሉ። አንቺም ወደፊት ማሳተምሽ ስለማይቀር ከአሁኑ አውጪው፤ ነጻ ነው።

ከቁጥሩ ሁሉ የሚበልጠው መለያ ግን ሰውዬው የሚለውን ማወቅ ነው። ምሁሩን አንብበሽ ከሆነ ስሙ ቢሸፈን እንኳ ታውቂዋለሽ። ቴሲስሽ በዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የሱ ጥያቄ «መንግሥት ጠንካራ ነው ስንል ምን ማለታችን ነው?» የሚል ነው። መልሱን በ1984 በአንድ የአውሮፓ ሶሲዮሎጂ መጽሔት ላይ አወጣው። ሁለት ዓይነት ጥንካሬ አለ ይላል። አንደኛው ገዢዎች ከሌላው ሕዝብ ጋር ሳይደራደሩ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ስፋት ነው። ዴስፖቲክ ፓወር ይለዋል። ሁለተኛው መንግሥት ኅብረተሰቡ ውስጥ ዘልቆ ገብቶ የወሰነውን በመላ ግዛቱ የማስፈጸም አቅም ነው። ይህ ኢንፍራስትራክቸራል ፓወር ነው። ሁለቱ አብረው ላይሄዱ ይችላሉ። የጥንት ንጉሠ ነገሥት የአንዱን መኳንንት አንገት በአንድ ቃል ሊያስቆርጥ ይችላል። ሩቅ ክፍለ ሀገር ያለው ገበሬ ስንት እህል እንዳገባ ግን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የዘመኑ የምዕራብ መንግሥት በተቃራኒው ነው። መሪው በገዛ ፈቃዱ አንድ ሰው ማሰር አይችልም፤ ግብሩን ግን ገና ገንዘቡ ከምንጩ ሳይወጣ ይወስደዋል።

በኛ አገር ምሳሌ ላስረዳሽ፤ ምሳሌው የኔ ነው፣ ለሱ እንዳትሰጪብኝ። ደሞዝተኛ የሥራ ግብሩ ደሞዙ እጁ ሳይገባ ተቆርጦ ይቀራል። መሥሪያ ቤቱ ቆርጦ ገቢ ያደርጋል፤ ማንም በሩን አያንኳኳም። መዝገብ የማይዘው፣ ደረጃ ሐ ይባል የነበረው አነስተኛ ነጋዴ ጋ ስንመጣ ግን መንግሥት ገማች ይልክ ነበር። ገማቹ ሱቁ ድረስ ሄዶ፣ ዕቃውን አይቶ፣ ጠይቆ፣ የቀን ገቢ ይገምት ነበር። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ያ ግምት ይፋ ሲሆን የተነሳውን ሁከትና የተዘጉትን ሱቆች ታስታውሺ ይሆናል። አንዱ መንግሥት፣ አንዱ ሕግ፣ አንዱ ዓመት ነው። ደሞዝተኛው ላይ አቅሙ ሙሉ ነበር፤ ነጋዴው ላይ ግን ግምት ነበር። ልዩነቱ ያለው ኃይል በመጠቀም ላይ ሳይሆን መረጃ በመያዝ ላይ ነው። ምሁሩ በ1984ቱ ጽሑፍ መሣሪያዎቹ ብሎ የሚዘረዝራቸውም እንዲህ ያሉ ነገሮች ናቸው፦ የሥራ ክፍፍል፣ ማንበብና መጻፍ፣ ገንዘብና መለኪያ፣ መገናኛና መጓጓዣ።

ስለዚህ እባክሽ፣ አንዳንድ ቴሲስ ላይ እንደማየው «ኢንፍራስትራክቸራል ፓወር ማለት መንግሥት የሠራው መንገድና ግድብ ነው» ብለሽ እንዳትጽፊ። መንገድ አንዱ መሣሪያ ነው እንጂ ጽንሰ ሐሳቡ አይደለም። ሌላም ነገር አለ። በ1993 በወጣው ሁለተኛ ቅጽ ላይ ምሁሩ ነገሩ በሁለት አቅጣጫ እንደሚሄድ ያስምርበታል። መንግሥት ወደ ኅብረተሰቡ የሚገባበት መስመር ኅብረተሰቡም መንግሥትን የሚይዝበት ነው። ፈታኞች ይህን ይወዱታል፤ የ1984ቱን ብቻ ያነበበ ሰው ደግሞ አያውቀውም።

የሌሎቹ ሥራዎቹ ወዝም ያው ነው። አራቱ ቅጾች ከታሪክ መባቻ ተነስተው እስከ 2011 ይመጣሉ፤ የመጨረሻው በ2013 ወጣ። ማኅበራዊ ኃይልን አራት ቦታ ይከፍለዋል፦ የርዕዮተ ዓለም፣ የኢኮኖሚ፣ የወታደርና የፖለቲካ። ብዙ ሰው የሚከራከረው ወታደሩን ከፖለቲካው መለየቱ ላይ ነው። በ2005 ያሳተመው ስለ ዘር ማጽዳት የሚያወራው መጽሐፍ ደግሞ በየቦታው ያላግባብ ይጠቀሳል። አርመኖች ላይ የደረሰውን፣ የናዚን፣ የዩጎዝላቪያንና የሩዋንዳን ጉዳይ ይመረምራል። «ዲሞክራሲ እልቂት ያመጣል አለ» የሚል ሰው አይቻለሁ። አላለም። አደጋው «የሕዝብ አገዛዝ» የሚለው «የአንድ ብሔር አገዛዝ» ተብሎ ሲተረጎም ነው ያለው፤ በተለይ ገና ወደ ዲሞክራሲ በሚንደረደሩ አገሮች። የተደላደለ ዲሞክራሲ ያለበትን አገር አይደለም የሚከሰው።

ዳይሬክተሩስ? እሱ ሙያተኞችን ነው የሚያየው። ሌባም ይሁን ፖሊስ፣ ሥራውን አሳምሮ የሚያውቅና ከሥራው ውጪ ሕይወት የሌለው ሰው። ከዚህ በላይ አልሄድም፤ ለቴሲስሽ አይጠቅምሽም። አንድ ፊልሙ ብቻ ያንቺን ርዕስ ይነካል፦ በ2009 የወጣው «ፐብሊክ ኤነሚስ»፣ የባንክ ዘራፊው የጆን ዲሊንጀር ታሪክ። ታሪኩ እውነተኛ ነው። በ1934 ዲሊንጀር ኢንዲያና ውስጥ ከእስር ቤት አመለጠ፤ ያመለጠውም በሸሪፏ መኪና ነው። ባንክ መዝረፉ የፌዴራሉን መንግሥት አላገባውም ነበር። የተሰረቀውን መኪና የክልል ድንበር አሻግሮ ኢሊኖይ መግባቱ ግን የፌዴራል ወንጀል ሆነ፤ በኋላ ኤፍ.ቢ.አይ. የተባለው የኤድጋር ሁቨር ቢሮም በዚያ በኩል ገባ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ቺካጎ ውስጥ ሲኒማ አይቶ ሲወጣ ገደሉት። ማዕከላዊ መንግሥት እንዴት ወደ ግዛቱ ዘልቆ እንደሚገባ ከዚህ የተሻለ ታሪክ ከየት ይመጣል? ልትጠቅሽው ከፈለግሽ ትችያለሽ። ያኔ ግን ሁለቱም ማይክል ማኖች በአንድ ምዕራፍ ይገናኙብሻል። እውነተኛው ጣጣ እዚህ ነው የሚመጣው።

ማጣቀሻ የሚይዙልሽ ፕሮግራሞች፣ ዞተሮም ሆነ ሜንደሌይ፣ ስም የሚያውቁት በፊደሉ ነው። ሁለት ሥራ ላይ «ማን፣ ማይክል» የሚል ካገኙ አንድ ሰው ነው ብለው ይነሳሉ። የ1986ቱን መጽሐፍና የ1986ቱን ፊልም አብረሽ ብታስገቢ ፕሮግራሙ ራሱ «1986ሀ» እና «1986ለ» ዓይነት ምልክት ይለጥፍባቸዋል። ያ ምልክት ለአንባቢው «ሁለቱም የአንድ ሰው ሥራ ናቸው» ማለት ነው። ማለትም ጓደኛሽ የተናገረውን ስህተት ቴሲስሽ በራሱ ጊዜ ይደግመዋል።

መፍትሔው ሁለት ቦታ ላይ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠሪያቸው ከነሙያቸው ጥሪያቸው፦ «ሶሲዮሎጂስቱ ማይክል ማን»፣ «ፊልም ዳይሬክተሩ ማይክል ማን»። ካስፈለገም «ስማቸው ከመመሳሰሉ በቀር የተለያዩ ሰዎች ናቸው» የሚል አንድ መስመር የግርጌ ማስታወሻ ጣል አድርጊ። በማጣቀሻ ዝርዝሩ ላይ ደግሞ ፊልሙን በፊልም ዓይነት መዝግቢው፤ ኤ.ፒ.ኤ. የሚባለው የማጣቀሻ አጻጻፍ ሥርዓት ከስሙ ቀጥሎ «ዳይሬክተር» የሚል ስለሚያስገባ ይለይልሻል። የዓመት ፊደሉን ግን ፕሮግራሙን አምነሽ አትተዪው፤ መጨረሻ ላይ በእጅሽ አጥፊው። ሳይንቲስቱን ከጠቀስሽ መካከለኛ ፊደሉን «ኢ.»ን አትጣዪ። እሱ ራሱ የሚጠቀምባት ለዚህ ነው የሚመስለኝ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፤ ከዚሁ ፕሮግራም ነው የሚመጣው። እነዚህ መሣሪያዎች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሰው ነው። የኛን ሰው ሲያገኙ የአባቱን ስም ያስቀድማሉ። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ውጭ አገር በሚታተሙ ዝርዝሮች ላይ «ዘውዴ፣ ባ.» ሆነው የሚገኙት ለዚህ ነው። እንዲህ ስታደርጊ አባቱ ዘውዴ የሆነ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይከማችና አዲስ ማይክል ማኖች ትፈጥሪያለሽ። ዞተሮ ላይ ከስም ሳጥኑ ጎን ትንሽ ምልክት አለች፤ ስትጫኛት ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ። እዚያ «ባሕሩ ዘውዴ» ብለሽ ሙሉውን ጻፊ፤ በባሕሩ ይደረድርልሻል። የሚመሳሰሉ ስሞች ካሉሽ የአያት ስም ጨምሪ። ቴሲሱን ከማስረከብሽ በፊት የኢትዮጵያውያኑን ስሞች ሁሉ እንዲህ አስተካክያቸው፤ ከታተመ በኋላ አንድ በአንድ መልቀም ራስ ያዞራል።